የአንዋር ድምፅ ያለበት ገጽ

ሐይቅ ከተማ፣ ሐምሌ ሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ደርበው ኮምፒውተር በሚጠግንበትና ጽሑፍ በሚያትምበት ጠባብ ሱቅ ውስጥ፤ ከሁለት ልጆቻቸው አንዱን፣ አንዋርን፣ ሐይቁ የወሰደባቸው እትዬ ሩቂያ ስልካቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ቆመዋል።

ሩቂያ፦ አልቀመጥም። ለመቀመጥ አልመጣሁም። ክፈትልኝ ነው ያልኩህ።

ደርበው፦ እትዬ ሩቂያ፣ የሚከፈት ቢሆን እስከ ዛሬ ዝም ብዬ አያለሁ?

ሩቂያ፦ በመጀመሪያ ስመጣ ኔትወርክ ነው አልከኝ። ሁለተኛ ስመጣ መብራት ነው አልከኝ። ዛሬ መብራቱም አለ፣ ኔትወርኩም አለ። ይኸው ጎረቤትህ ዘፈን ከፍቶ መንደሩን እያናወጠው ነው።

ደርበው፦ እሺ፣ ወንበሩን ልጥረግልዎት።

ሩቂያ፦ ወንበሩን ተወው። ሃያ አንድ ቀኔ ነው። ስነካው ነጭ ነገር ብቻ ይመጣል። መሐሉ ላይ በእንግሊዝኛ የተጻፈች አንዲት መስመር አለች። ምንድን ነው የምትለው?

ደርበው፦ «ገጹ አልተገኘም» ነው የምትለው።

ሩቂያ፦ ማን ፈልጎት ነው ያልተገኘው?

ደርበው፦ ማሽኑ ነዋ።

ሩቂያ፦ ማሽኑ ካጣው አንተ ፈልገው። ሥራህ አይደለም እንዴ?

ደርበው፦ ሥራዬማ ነው። ግን ከሥሩ ካልነገርኩዎት አይገባዎትም። ዌብሳይቱ ስልክዎ ውስጥ አይደለም ያለው። ስልክዎ ማያ ብቻ ነው። ሥዕሉም፣ ቪዲዮውም፣ ጽሑፉም የሚቀመጠው ሌላ ቦታ፣ ሌት ተቀን በማይጠፋ ትልቅ ኮምፒውተር ላይ ነው። ሰርቨር ይሉታል።

ሩቂያ፦ የኛ የት ነው ያለው?

ደርበው፦ አዲስ አበባ። አንድ ድርጅት ነው የሚያከራየው። ልጅዎ ኑሩ ቦታ ተከራይቶ፣ ሁሉንም እዚያ አስቀምጦት ነበር። ሆስቲንግ ማለት ይኸው ነው፤ የቦታ ኪራይ።

ሩቂያ፦ ሐይቅ ጀልባ ዶት ኮም የሚሉትስ?

ደርበው፦ እሱ ስሙ ነው። ዶሜይን ይባላል። ስሙና ቦታው ለየብቻ ነው የሚመዘገቡት። ሰው ስሙን ሲጽፍ፣ ስሙ ይዞት ቦታው ጋ ያደርሰዋል። ቦታውን ቢቀይሩት እንኳ ስሙ አብሮ ይሄዳል።

ሩቂያ፦ ስሙን አንዋር ነው ያወጣው። ኑሩ አንድ የፈረንጅ ስም ይዞ መጥቶ ሲኮራብን፣ አንዋር ሳቀበት። «ሐይቅ ጀልባ በለው አቦ፣ ሰው የሚጠራን እንደሱ ነው» አለው። እራት ላይ ነበርን። ወጡ አፉ ውስጥ ነበር።

ደርበው፦ አላህ ይዘንለት። እኔም አስታውሳለሁ። ገጹን እዚህ ሱቅ ውስጥ ነው የሠራነው። ኑሩ እዚህ ጋ ተቀምጦ፣ አንዋር ደግሞ አላስቀምጥ ብሎን።

ሩቂያ፦ አየህ፣ አንተው ነህ የሠራኸው። የሠራ ሰው መክፈት ያቅተዋል?

ደርበው፦ መሥራትና ባለቤት መሆን ይለያያል። ፓስዎርዱ የኑሩ ነው።

ሩቂያ፦ እኔ ሌላ ነገር አይደለም የምጠይቅህ። ጀልባ ላከራይ አይደለም። ቱሪስት አልፈልግም። ያቺን ቪዲዮ ብቻ። ጀልባዋ ላይ ቆሞ «እንኳን ወደ ሐይቅ በደህና መጣችሁ» ይላል፤ ከዚያ ሞተሩ ይነሳና እግሩ ይንገዳገዳል፤ ከዚያ ይስቃል። አለቀ። ከዚያ በላይ አልፈልግም።

ደርበው፦ አውቃታለሁ።

ሩቂያ፦ አታውቃትም። አንተ አንዴ አይተሃት ይሆናል። እኔ ከአስር ሰላት ስነሳ ነው የምከፍታት። በየቀኑ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ። ዓይኔን ጨፍኜ ነው የምሰማት። ጀልባዋ የተገለበጠች ቀን ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነበረ፤ አብሮት ሰጠመ። ሬሳውን አወጡልኝ፤ ስልኩን ማን ያወጣል? ድምፁ ያለው እዚህ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ የለም፣ ደርበው። የለም።

ደርበው፦ ይቀመጡ እባክዎ።

ሩቂያ፦ ኮፒ የለውም? ሰው መታወቂያውን እንኳ ኮፒ ያደርጋል።

ደርበው፦ ጥሩ ነው የጠየቁት። ኮፒ ሊኖረው ይገባል። ባክአፕ ነው የሚባለው። አንድ ነገር ኢንተርኔት ላይ ስለወጣ ብቻ ተቀምጧል ማለት አይደለም። ለሚመጣው ሰው ሁሉ ሁለት ቦታ አስቀምጡ፣ አንዱ ቢጠፋ አንዱ ይኖራችኋል እላለሁ። ሰው አይሰማም።

ሩቂያ፦ ለኑሩስ ነግረኸው ነበር?

ደርበው፦ ነግሬው ነበር።

ሩቂያ፦ ያ ድርጅትስ? ቦታ ያከራየ ሰው የተከራዩን ዕቃ ዝም ብሎ መንገድ ላይ ይጥላል?

ደርበው፦ አይጥልም። ክፍያ ሲቋረጥ ገጹን ይዘጋል፤ ዕቃውን ግን ሠላሳ ቀን ያቆየዋል። ከሠላሳ ቀን በኋላ ነው የሚያጠፋው።

ሩቂያ፦ ሠላሳ?

ደርበው፦ አዎ፣ ሠላሳ።

ሩቂያ፦ እኔ ሃያ አንድ ነው ያልኩህ።

ደርበው፦ እ?

ሩቂያ፦ ገጹ ከጠፋ ሃያ አንድ ቀኑ ነው። ቆጥሬዋለሁ። ዘጠኝ ቀን ይቀራል። ዕቃው እዚያው አለ ማለት ነዋ!

ደርበው፦ እሱ… እንደ ውሉ ነው። አንዳንዱ ድርጅት ቶሎ ያጠፋል።

ሩቂያ፦ አሁን ሠላሳ አላልክም? ደውልላቸው። ክፍያው ከሆነ ዛሬውኑ እከፍላለሁ።

ደርበው፦ ክፍያ አይደለም ችግሩ።

ሩቂያ፦ ክፍያ ሲቋረጥ ይዘጋል ያልከኝ አንተ ነህ።

ደርበው፦ እትዬ፣ ባለቤቱ ካልጠየቀ ለማንም አይሰጡም። እናቱ ነኝ ቢሉም አይሰጡም። እኔም ደውዬ ነበር።

ሩቂያ፦ መቼ ደወልክ?

ደርበው፦ በቀደም።

ሩቂያ፦ ምን አሉህ?

ደርበው፦ ያው። ባለቤቱ ይምጣ ነው የሚሉት።

ሩቂያ፦ ባለቤቱ የት አለና? ልጄ በሕይወት ይኑር አይኑር እንኳ የማውቀው ነገር የለም። አንዱን ቀበርኩ፤ ሌላው ከለቅሶው ማግሥት ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጥሎ ወጣ፤ በዚያው ቀረ። ደሴ ፈለግሁት። ኮምቦልቻ ፈለግሁት። ሾፌሮቹን ሁሉ ጠየቅሁ።

ደርበው፦ አውቃለሁ፣ እትዬ።

ሩቂያ፦ እሺ፣ ስሙስ?

ደርበው፦ የምን ስም?

ሩቂያ፦ ስሙና ቦታው ለየብቻ ነው አላልክም? ቦታው ከተዘጋ ስሙስ ምን ሆነ? ልጄ ያወጣውን ስም ሌላ ሰው ይወስደዋል?

ደርበው፦ ካልታደሰ አዎ፣ የፈለገ ሰው ሊወስደው ይችላል። በየዓመቱ ነው የሚታደሰው።

ሩቂያ፦ ታድሷል?

ደርበው፦ እሱን… ማየት ይቻላል።

ሩቂያ፦ ፓስዎርድ ይጠይቃል?

ደርበው፦ አይጠይቅም። ለማንም ክፍት ነው።

ሩቂያ፦ እይልኝ።

ደርበው፦ አሁን ይህን ላፕቶፕ ፈትቼዋለሁ፤ ባለቤቱ ሊመጣ ነው…

ሩቂያ፦ ሌላኛው ኮምፒውተር በርቷል። እይልኝ።

ደርበው፦ ይኸው። ሐይቅ ጀልባ ዶት ኮም። እስከሚመጣው ዓመት ሰኔ ድረስ… የሚሠራ ይላል።

ሩቂያ፦ እስከሚመጣው ዓመት? ታዲያ መቼ ታደሰ?

ደርበው፦ ቀኑ በፈረንጅ ነው የተጻፈው።

ሩቂያ፦ ወደ እኛ መልሰው። ትምህርት ቤት ገብተሃል።

ደርበው፦ ሰኔ አሥራ ሁለት።

ሩቂያ፦ ሰኔ አሥራ ሁለት ረቡዕ ነበረ።

ደርበው፦ ይመስለኛል።

ሩቂያ፦ አይመስልህ። ገጹ የጠፋብኝ ቀን ነው። ረቡዕ። ገበያ ደርሼ መጥቼ ሰላቴን ሰግጄ ስነካው ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ደርበው፣ በዚያው ቀን ስሙ ታደሰ፣ በዚያው ቀን ቦታው ተዘጋ?

ደርበው፦ አጋጣሚ ሊሆን ይችላል።

ሩቂያ፦ አንተ ልጅ፣ ቀና በል እስቲ። ስሙን ለማደስ ፓስዎርድ ያስፈልጋል?

ደርበው፦ ያስፈልጋል።

ሩቂያ፦ ፓስዎርዱ ማን ጋ ነው ያልከኝ?

ደርበው፦ ይቆዩ፣ ይህን ኮምፒውተር ልዝጋው።

ሩቂያ፦ ማን ጋ ነው ያልከኝ?

ደርበው፦ ኑሩ ጋ።

ሩቂያ፦ ያ ረቢ።

ደርበው፦ እትዬ፣ ይቀመጡ። በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ። ውሃ ላምጣ።

ሩቂያ፦ ውሃ አልፈልግም። በሕይወት አለ?

ደርበው፦ አለ።

ሩቂያ፦ ከኮምፒውተሩ አይተህ ነው የምትለኝ፣ ወይስ ታውቃለህ?

ደርበው፦ አውቃለሁ። ይደውልልኛል።

ሩቂያ፦ ከመቼ ጀምሮ?

ደርበው፦ ካምና መስከረም ጀምሮ።

ሩቂያ፦ ሁለት ዓመት ሊሞላው! በየሳምንቱ በዚህ ደጅ ሳልፍ «እትዬ፣ እንዴት ዋሉ» ትለኛለህ። ኢድ ሲሆን ቤቴ መጥተህ በልተሃል። እዚያ የኑሩ ሥዕል ፊት ተቀምጠህ በላህ። እና እያወቅህ?

ደርበው፦ አስማለኝ። በልጄ አስማለኝ። ለእናቴ ከነገርክ ቁጥሬን ቀይሬ እጠፋለሁ አለኝ። ምን ላድርግ? አንድ ሰው እንኳ የት እንዳለ ይወቅ ብዬ ዝም አልኩ። ልክ አይደለሁም፤ አውቃለሁ።

ሩቂያ፦ የት ነው ያለው?

ደርበው፦ ሩቅ ነው። በረሃ ነው። ሐይቅ የሌለበት፣ ወንዝ እንኳ የሌለበት ቦታ። የጨው መኪና ላይ ነው የሚሠራው። ውሃ ሲፈስ ከሰማሁ እንቅልፍ እምቢ ይለኛል ይላል።

ሩቂያ፦ ከስቷል?

ደርበው፦ አላየሁትም። በድምፅ ብቻ ነው።

ሩቂያ፦ ያስለዋል? ድሮ ሙቀት ሲሆን ያስለው ነበር።

ደርበው፦ አንዳንዴ ያስለዋል።

ሩቂያ፦ ገጹን ማን ዘጋው?

ደርበው፦ እኔ ነኝ። በዚህ እጄ። ደውሎ «ፓስዎርዱን ልስጥህ፣ ዝጋልኝ፣ ዛሬውኑ አጥፉት ብለህ ጻፍላቸው» አለኝ። ባለቤቱ ራሱ አጥፉ ካለ ሠላሳ ቀን አይጠብቁም። መጀመሪያ እሱ ሁሉንም ወደ ስልኩ አወረደ። ከዚያ ዘጋሁት። «ስሙን ግን አድስልኝ፣ የአንዋር ስም ነው፣ ባዶም ቢሆን ማንም አይውሰደው» አለኝ። እኔ ደግሞ… ለሰው ሁሉ ሁለት ቦታ አስቀምጡ የምል ሰውዬ፣ አንድ ኮፒ ለራሴ ሳላስቀር ዘጋሁት። አለመታመን መሰለኝ። ያቺ ቪዲዮ አሁን ያለችው እሱ ስልክ ላይ ብቻ ነው።

ሩቂያ፦ ስልኩ ቢሰረቅበትስ?

ደርበው፦ አለቀች።

ሩቂያ፦ ለምን ዘጋብኝ? ምን በደልኩት? የወንድሙን ድምፅ ብሰማ ምን ጎዳው?

ደርበው፦ ይቅር፣ እትዬ። ይህን ባልነግርዎት ይሻላል።

ሩቂያ፦ ጀመርከው እኮ። ጨርሰው።

ደርበው፦ ገጹን የከፈተ ሰው ይመዘገባል። ስሙ አይታወቅም። ከየትኛው ከተማ እንደከፈተ፣ በስንት ሰዓት፣ የቱን ገጽ እንዳየ፣ ስንት ደቂቃ እንደቆየ ግን ለባለቤቱ ይታየዋል። ኑሩ እዚያ በረሃ ሆኖ በየቀኑ ያያል። ከሐይቅ አንድ ሰው፣ ሁልጊዜ አስር ሰዓት ካለፈ በኋላ። እርስዎ እንደሆኑ ያውቃል።

ሩቂያ፦ እያየኝ ነበር?

ደርበው፦ በየቀኑ። አንድ ቀን ካልከፈቱ ማታውን ይደውልልኛል፤ «እናቴ አሟታል እንዴ?» ይላል። እኔ በደጅዎ አልፌ አይቼ፣ ደህና ናቸው እለዋለሁ።

ሩቂያ፦ ታዲያ እንዲህ ሲሆን ለምን…

ደርበው፦ ዌብሳይቱ አራት ገጽ ነበረው። አንዱ የአንዋር ቪዲዮ ያለበት ነው። አንዱ ዋጋ የተጻፈበት፣ አንዱ ሐይቁ ዳር ያለው ገዳም ሥዕል ያለበት። አንዱ ደግሞ ኑሩ ያለበት ነው። እዚያ ላይ ሥዕሉ አለ፤ ስለ ቤታችሁ፣ ስለ አባቱ ታንኳ የተናገረበት ቪዲዮ አለ። እርስዎንም ያነሳል። ከሄደ በኋላ ደግሞ ከበረሃ ሆኖ ሁለት መስመር ጨመረበት። «እናቴ፣ አለሁ። ከፈለግሽኝ በዚህ ቁጥር ደውይ» የሚል። ቁጥሩን ጻፈ። እና ጠበቀ።

ሩቂያ፦ እኔን?

ደርበው፦ ሁለት ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። እርስዎ በየቀኑ ይገባሉ፤ የአንዋርን ያያሉ፤ ይወጣሉ። የእሱን ገጽ አንድ ቀን አልከፈቱም። አንድ ቀን እንኳ። «ደጄ ድረስ እየመጣች ትመለሳለች» አለኝ። «አልፈለገችኝም፤ ስትመለስ ከማይ ደጁን ልዝጋው» አለኝ።

ሩቂያ፦ ሌላ ገጽ አለው እንዴ?

ደርበው፦ ምን አሉ?

ሩቂያ፦ ሌላ ገጽ አለው? አራት ገጽ? ደርበው፣ እኔ ምን አውቃለሁ? ይህችን ምልክት ዘኪያ ናት፣ የጎረቤቴ ልጅ፣ ስልኬ ላይ ያስቀመጠችልኝ። ስነካት አንዋር ይመጣል። ሲያልቅ እዘጋዋለሁ። ዌብሳይት ማለት እሱ መስሎኝ። ወላሂ፣ ወላሂ ሌላ ገጽ እንዳለው አላወቅሁም! የት ነው የሚነካው? ከላይ ነው? ከጎን ነው?

ደርበው፦ ከላይ በኩል፣ ሦስት ትንንሽ መስመሮች አሉ…

ሩቂያ፦ እነሱን አያቸው ነበር። ጌጥ መስለውኝ።

ደርበው፦ እሱ ሊጠይቅዎት አልቻለም፣ እኔም አልጠየቅሁዎትም። አውቀው የተዉት መሰለን።

ሩቂያ፦ ቢመስለውስ ምን ይፈረድበታል? የምነግርህን ስማ። ሬሳው በወጣ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተቀመጠበት፣ ኑሩ ልብሱ ከነውሃው እግሬ ሥር ተደፍቶ ነበር። ምን እንዳልኩት ታውቃለህ?

ደርበው፦ ሰምቻለሁ።

ሩቂያ፦ «ምነው አንተ ቀርተህ እሱ በመጣልኝ» አልኩት። ከአፌ ሲወጣ ሰምቼዋለሁ። የሚመልሰው ሰው አልነበረም። እሱ ግን ተነስቶ ፊቱን ታጠበ፣ ለእንግዳው ውሃ ቀዳ፣ ወንድሙን ቀበረ፣ ሄደ።

ደርበው፦ ሐዘን ነው ያናገረዎት።

ሩቂያ፦ እኔ ነኝ የተናገርኩት። ከዚያ በኋላ ደግሞ በየቀኑ በአስር ሰዓት እየመጣሁ ደገምኩለት። ደውልለት።

ደርበው፦ ምያለሁ እኮ፣ እትዬ።

ሩቂያ፦ ቁጥሩን አትስጠኝ። የት እንዳለም አልጠይቅህም። በራስህ ስልክ፣ በራስህ እጅ ደውል።

ደርበው፦ የእርስዎን ድምፅ ሲሰማ ቢዘጋውስ? ቁጥሩን ከቀየረ እኔም አላገኘው። ቪዲዮዋም አብራው ትሄዳለች። ያኔ ሁለቱንም አጣን ማለት ነው። ትንሽ ልለምነው፣ ቀስ ብዬ ላናግረው፣ ለሳምንት ይተዉልኝ።

ሩቂያ፦ እስከ ሳምንት ማን ያቆየዋል? የመኪና ሥራ ላይ ነው ያለው። ማን ያቆየኛል እኔንስ? ደውል፣ ልጄ። እግርህ ላይ ልውደቅ?

ደርበው፦ ኧረ! ኧረ ይነሱ፣ እትዬ! እሺ። እሺ እደውላለሁ። በድምፅ ማጉያ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ እኔ ልናገር… እየጠራ ነው።

ሩቂያ፦ ምን ልበለው?

ደርበው፦ እኔ እንጃ… ሄሎ? ኑሩ፣ እንዴት ዋልክ? ደህና ነኝ፣ ሱቅ ነኝ። አይ፣ ምንም አልሆነም። ደህና ናቸው። ኑሩ፣ ስማኝ፣ ብቻዬን አይደለሁም። እናትህ እዚህ ናቸው። አጠገቤ ናቸው። መሐላዬን አፍርሻለሁ፤ በኋላ የፈለግኸውን በለኝ። ገጽህን እንዳላዩት አላወቅንም እንጂ… ቆይ፣ ራሳቸው ይንገሩህ።

ሩቂያ፦ ኑሩ። ኑሩዬ፣ እኔ ነኝ። አትዝጋው። ሌላ ገጽ እንዳለው አላወቅሁም፣ ልጄ። ማንም አላሳየኝም። አንተ እንዳለህበት ባውቅ… ያን ቀን ያን ነገር የተናገረ አፌን ይዝጋው፣ አፌን። ቪዲዮውን አልፈለግሁም። አንተ ጋ ይቀመጥ። ሳል አለህ አሉኝ። ትሰማኛለህ? … ደርበው፣ ዝም አለ። ዝም አለኝ እኮ። ዘጋው?

ደርበው፦ አልዘጋውም። ይኸው፣ ሰከንዱ እየቆጠረ ነው። ይናገሩ፣ እትዬ፣ አያቁሙ።